ጠቋሚ ዘንግ በራስ ንድፍ በሚሠራ ሜካኒካል ኪቦርድ ላይ፦ ፒሲቢው (ክፍሎቹ የሚበየዱበት ሰሌዳ) ከመታዘዙ በፊት ምክር ፍለጋ

ሰሌዳ ነዳፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ60 በመቶ መጠን ያለው (የቁጥር ሰሌዳና የቀስት ቁልፎች የሌሉት) ሜካኒካል ኪቦርድ እየነደፍኩ ሲሆን፣ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ በጂ፣ በኤች እና በቢ ቁልፎች መካከል ብቅ ብሎ የሚታየውን ጠቋሚ ዘንግ ልጨምርበት አስቤአለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ስለማርም፣ አንዲት ቃል ለመምረጥ ብዬ እጄን ከቁልፎቹ አንሥቼ ወደ ማውዝ መውሰድ፣ ከዚያም ጣቶቼን መልሼ በቦታቸው ማሳረፍ ይሰለቸኛል። ዘንጉ ግን በጠቋሚ ጣት ብቻ ስለሚገፋ፣ የቀሩት ጣቶች ከመነሻ ረድፋቸው ሳይነሡ ሥራው ያልቃል።

ከአሮጌ የላፕቶፕ ኪቦርድ ላይ የነቀልኩት የዘንግ ሞጁል በእጄ አለ። ፒሲቢው ገና ስላልታዘዘ ቀዳዳም ሆነ መስመር ለማዛወር ጊዜው አሁን ነው። ለመቆጣጠሪያ የመረጥኩት አርፒ2040 የተባለውን ቺፕ ነው፤ ስዊቾቹ (በየቁልፉ ሥር ያሉት ማብሪያዎች) የኤምኤክስ ዓይነት፣ ስዊቾቹን የሚይዘው ፕሌት 1.5 ሚሊሜትር አሉሚኒየም፣ ፒሲቢውና ፕሌቱ ደግሞ በጋስኬት፣ ማለትም በለስላሳ ማረፊያ፣ ላይ የሚያርፉ ይሆናሉ። ሞጁሉን ከቀፎው ወለል ላይ በብሎን ለማሰር አቅጃለሁ። ግልጽ ያልሆኑልኝ ነገሮች፣ ይህ አስተሳሰር ትክክል መሆኑ፣ ዘንጉ በምን ያህል መርዘም እንዳለበት፣ እንዲሁም ሽቦዎቹን በቀጥታ ከመቆጣጠሪያው ጋር ማገናኘት መቻሉ ናቸው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መበየጃ፦

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነውና። ከላፕቶፕ የሚነቀሉት ሞጁሎች አብዛኞቹ የሚግባቡት ፒኤስ/2 በተባለው የቆየ የማውዝና የኪቦርድ መገናኛ ነው። ክሎክ እና ዳታ የሚባሉ ሁለት መስመሮች አሉት፤ ሁለቱም ወደ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) መጎተት እንጂ ወደ ላይ መግፋት ስለማይችሉ፣ እያንዳንዳቸውን በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከኃይል መስመሩ ጋር ያስሯቸው። ሦስተኛው መስመር ሪሴት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እሱን ነው። ኃይል ሲገባ ለአፍታ ከፍ ብሎ ወዲያው መውረድ ስላለበት፣ ከኃይል ወደ ሪሴት 2.2 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከሪሴት ወደ ግራውንድ ደግሞ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይደረግለታል። ይህ የኤሌክትሪክ ዑደት ከሌለ ሞጁሉ አንድ ጊዜ ይነሣል፣ ሌላ ጊዜ ዝም ይላል፤ ባለቤቱም ችግሩን ከፈርምዌሩ (በመቆጣጠሪያው ላይ ከሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። አንዳንድ ሞጁሎች ግን ዑደቱን በራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይዘው ስለሚመጡ፣ ከመበየድዎ በፊት አገላብጠው ይመልከቱ።

ጥንቃቄ የሚሻው ቮልቴጁ ነው። የቆዩት ሞጁሎች የተሠሩት ለ5 ቮልት ሲሆን፣ በቅርብ ዘመን ስስ ላፕቶፖች ላይ ያሉት በ3.3 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። የአርፒ2040 እግሮች (ሽቦ የሚገናኝባቸው ፒኖች) 3.3 ቮልት ናቸው፤ 5 ቮልት በቀጥታ ሊደርስባቸው አይገባም። የእርስዎ ሞጁል በ3.3 ቮልት ከተነሣ መንገዱ አጭር ነው፤ ኃይሉንም፣ ሁለቱን ሬዚስተሮችም ከ3.3 ቮልት መስመር ይውሰዱ። ካልተነሣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ኤን-ቻናል ሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) ያለው የቮልቴጅ አስማሚ ያስገቡ።

አንድ ነገር ከፒሲቢው በፊት ይወሰን። ኪውኤምኬ የተባለው የኪቦርድ ፈርምዌር በአርፒ2040 ላይ ፒኤስ/2ን በቺፑ የራሱ ሃርድዌር ማንበብ ይችላል፤ ነገር ግን የክሎኩ እግር ከዳታው እግር ቀጥሎ ያለው ቁጥር መሆን አለበት። ዳታው በ4 ላይ ከሆነ ክሎኩ በ5 ላይ ይሁን ማለት ነው። ማትሪክሱን (ቁልፎቹን በረድፍና በዓምድ የሚያገናኘውን መረብ) ጨርሰው በተረፉ እግሮች ላይ እበታትናቸዋለሁ ካሉ፣ ይህ መንገድ ይዘጋብዎታል፤ መቆጣጠሪያው መስመሩን እየጠበቀ በሚያነብበት ዘዴ ደግሞ ጠቋሚው ሲንቀጠቀጥና አንዳንድ መልእክት ሲጠፋ በግልጽ ይታያል።

ማውዝ ይበቃኛል፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ትራክቦል (ኳሱ በጣት የሚሽከረከር ማውዝ) በኪቦርዱ ጎን ቢቀመጥ አይሻልም? ደግሞ የላፕቶፕ ኪቦርድ ስስ ስለሆነ ነው ዘንጉ የሚመቸው፤ በረጃጅም ሜካኒካል ቁልፎች መካከል ይሠራል ብዬ አላምንም።

ካሊፐር፦

ትራክቦል በጎን ከተቀመጠ እጅ ከቁልፎቹ መነሣቱ አይቀርም፤ ጠያቂው ሊያስቀሩት የፈለጉትም ይህንኑ ነው። በረጃጅም ቁልፎች መካከል መሥራቱን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። አይቢኤም ዘንጉን በ1992 በቲንክፓድ 700ሲ ላይ ካወጣው በኋላ፣ በዚያው አሥርት ዓመት ኤም13 በተባለው የጠረጴዛ ኪቦርዱ ላይም ገጥሞታል፤ የኤም13 ቁልፎች ደግሞ ባለ ስፕሪንግ ረጃጅሞች ናቸው። በኋላም ቴክስ ሺኖቢ የተባለው ኪቦርድ የኤምኤክስ ስዊቾችን ከዘንግ ጋር ይዞ ወጥቷል፤ በ2023 የወጣው ኤችኤችኬቢ ስቱዲዮም እንዲሁ።

ወደ ንድፉ ልግባ። የኤምኤክስ ቁልፎች ከመካከል እስከ መካከል 19.05 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። በተለመደው ድርድር የታችኛው ረድፍ ከመነሻው ረድፍ በግማሽ ቁልፍ ስለሚሸሽ፣ ጂን ከኤች የሚለየው መስመር ልክ በቢ መካከል ላይ ይወርዳል። ይህ በአጋጣሚ የተገኘ ጸጋ ነው፤ ዘንጉ የሚቆምበት ቦታ ለግራና ለቀኝ እኩል ይሆናል። የስዊቹ የላይኛው አካል 15.6 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው፣ በሁለት ስዊቾች መካከል የሚተርፈው ክፍተት 3.45 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሦስቱ በሚገናኙበት ቦታ ግን ክፍተቱ ትንሽ ይሰፋል፤ ሦስቱንም አካላት ሳይነካ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ክብ 4.3 ሚሊሜትር ገደማ ዲያሜትር አለው። የክቡ መካከል ግን የረድፎቹ ድንበር ላይ አይደለም፤ ከድንበሩ ወደ ጂ እና ኤች በኩል በግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይላል። ቀዳዳውን በድንበሩ ላይ የሚያደርግ ሰው ዘንጉን ሳያስፈልግ ወደ ቢ ያስጠጋዋል።

እንግዲህ 3 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ዘንግ ቢያስገቡ፣ በየአቅጣጫው 0.6 ሚሊሜትር ያህል አየር ይኖረዋል። ከዚያ የወፈረ ቢመርጡ ስዊቾቹ ሲገቡና ሲወጡ ይፋተጋል። በፕሌቱ ላይ የስዊች ቀዳዳዎቹ 14 ሚሊሜትር ስለሆኑ፣ ለዘንጉ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ቢከፍቱ ዙሪያውን ከ1 ሚሊሜትር የማያንስ አሉሚኒየም ይተርፋል፤ ይህ ለሌዘር መቁረጫም ለሲኤንሲ መቅረጫም የሚቻል ነው።

ነሐስ ዘንግ፦

መበየጃና ካሊፐር የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ኪቦርድ ተሠርቶ ሲያልቅ ደስ የሚያሰኝ ወይም የሚያናድድ የሚሆነው በሽቦውም በቀዳዳውም አይደለም። የዘንጉ ርዝመትና ግትርነት ነው የሚወስነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

ይህ ዘንግ እንደ ጨዋታ ጆይስቲክ አይወዛወዝም። በሥሩ ያሉት መለኪያዎች የሚያነብቡት፣ ጣት ከላይ ሲገፋ ከታች የሚፈጠረውን የመታጠፍ ጫና፣ ማለትም ሞመንቱን ነው። ሞመንት ደግሞ የግፊቱና የርዝመቱ ብዜት ነው፤ በርን ከእጀታው በኩል መግፋት ከማጠፊያው በኩል ከመግፋት የሚቀለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞጁሉ የተስተካከለው ለስስ የላፕቶፕ ኪቦርድ፣ ማለትም ለጥቂት ሚሊሜትር ከፍታ ነው። የኤምኤክስ ስዊች ግን ከፒሲቢው ገጽ እስከ አካሉ አናት 11.6 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ክዳን የሚሰካበት እግሩ ሌላ 3.6 ሚሊሜትር ይጨምራል። ሞጁሉ ከፒሲቢው በታች ሲታሰር የፒሲቢው ውፍረትና የክዳኑ ከፍታ ይደመሩበትና፣ ጣት ከመለኪያው በላይ 20 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። ቀድሞ 5 ሚሊሜትር ነበር ብንል፣ ያው ግፊት አሁን አራት እጥፍ ሆኖ ይነበባል። ጣት ገና ሲነካው ጠቋሚው ወደ ስክሪኑ ጥግ የሚወረወረው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ከሁለቱ ግን አንዱ ይበልጣል። በፈርምዌሩ ውስጥ የእንቅስቃሴውን ቁጥር ለአራት ማካፈል ይቻላል፤ ነገር ግን ሞጁሉ የሚልከው ቀድሞ ወደ ሙሉ ቁጥር የተጠጋጋ ስለሆነ፣ ከተካፈለ በኋላ ጥቃቅኑ እንቅስቃሴ ይጠፋል። በሁለት ፊደላት መካከል ማነጣጠር ሲፈልጉ ጠቋሚው ይዘልላል። የሚሻለው የሞጁሉን የራሱን የስሜት መጠን ማውረድ ነው። በብዙዎቹ ሞጁሎች ውስጥ ይህ መጠን ከ0 እስከ 255 የሚጻፍ ሲሆን መነሻው 128 ነው፤ ለአራት እጥፍ ርዝመት ከ32 ጀምረው በጣትዎ እየፈተኑ ያስተካክሉ። ሞጁሉ ኃይል ሲቋረጥ ይህን ስለሚረሳ፣ ትእዛዙ ሞጁሉ በተነሣ ቁጥር ከፈርምዌሩ መላክ አለበት፤ ኪውኤምኬ ለዚህ የሚሆን ተጠቃሚው የሚጽፈው የማስነሻ ፈንክሽን አለው።

አሁን ወደ ግትርነቱ። አንድ በትር በአንድ ጫፍ ታስሮ በሌላው ሲገፋ፣ የሚጎብጠው መጠን ከርዝመቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ያድጋል፤ ከዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ጋር ደግሞ ይቀንሳል። 18 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው በትር 100 ግራም በሚያህል ጫና ቢገፋ፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነሐስ 0.005 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይጎብጣል። በሥሪዲ ፕሪንተር የታተመ፣ በዚያው ውፍረት ያለ ፒኤልኤ ፕላስቲክ 0.16 ሚሊሜትር ይጎብጣል። ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ሲቀንስ ደግሞ ያው ፕላስቲክ 0.8 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ጠንከር ተደርጎ ሲገፋም ከስዊቾቹ አካል ጋር ሊነካካ ይችላል። በተነካ ቅጽበት ግፊቱ ወደ መለኪያው መውረዱ ቀርቶ ወደ ስዊቹ ይሄዳል፤ በአንድ አቅጣጫ ፈጣን፣ በሌላው ሰነፍ የሚሆን ጠቋሚ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፕላስቲክ ሌላም ጠባይ አለው፤ ተገፍቶ ሲለቀቅ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዝግታ ስለሆነ፣ ጠቋሚው ጣት ከተነሣ በኋላም ጥቂት ይንሸራተታል። ስለዚህ የታተመውን ልኩን ለመፈተሽ ይጠቀሙበት፤ ለመጨረሻው ግን ነሐስ ወይም ብረት ያስቀርጹ።

ማራዘሚያው፣ ማለትም የሚቀረጸው ዘንግ፣ ከሞጁሉ አጭር እግር ጋር የሚጋጠምበት ቦታም ልቅ መሆን የለበትም። እግሩ ባለ አራት ማዕዘን ስለሆነ፣ የማራዘሚያው ጉድጓድ በልኩ ተቀርጾ ጥቂት ኢፖክሲ ቢደረግበት ይበቃል። ከላይኛው ጫፍ ደግሞ የላስቲክ ቆቡን ልክ ያስቀሩ፤ የቆቦቹ ጉድጓድ ከትውልድ ትውልድ ስለሚለያይ አስቀድመው ቆቡን ይምረጡና ጫፉን ለእሱ ያስቀርጹ።

ሰሌዳ ነዳፊ፦

ከልብ አመሰግናለሁ። የእግር ቁጥሮቹን ዛሬውኑ አዛውሬ 4 እና 5ን ለፒኤስ/2 አስቀርቻለሁ። ነሐስ ዘንግ፣ ስለ አስተሳሰሩ ምን ይላሉ? ሞጁሉ በቀፎው ወለል ላይ ቢታሰር በጣም ጠንካራ ይሆናል ብዬ ነበር።

ነሐስ ዘንግ፦

ጠንካራ ይሆናል፤ ነገር ግን የተሳሳተው አካል ላይ ነው የሚጠነክረው። በጋስኬት ላይ ያረፈ ፕሌት ቁልፍ በተመታ ቁጥር ወደ ታችና ወደ ጎን በጥቂቱ ይሄዳል። ዘንጉ ከቀፎው ጋር ታስሮ ሳይነቃነቅ ሲቀር፣ ስዊቾቹ ግን ሲነቃነቁ፣ ያ 0.6 ሚሊሜትር አየር ይበላል። በርትተው በጻፉ ቁጥር ስዊቾቹ ዘንጉን እየገፉ ጠቋሚውን ያንቀሳቅሱታል። ሞጁሉ መታሰር ያለበት ከስዊቾቹ ጋር አብሮ በሚንሳፈፈው አካል ላይ፣ ማለትም በፒሲቢው ወይም በፕሌቱ ላይ ነው።

ከሁለቱ እኔ ፕሌቱን እመርጣለሁ። ፒሲቢ ቁልፎች ሲመቱ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱም በሞጁሉ የብሎን ቀዳዳዎች በኩል ወደ መለኪያው ይደርስና ያልተገፋ ዘንግ እንደተገፋ ይነበባል። አሉሚኒየሙ ፕሌት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ከፕሌቱ የሚነሡ ሁለት ስፔሰሮች (ክፍተት የሚጠብቁ ትናንሽ ምሰሶዎች) በፒሲቢው ቀዳዳዎች ውስጥ አልፈው ሞጁሉን ከታች ይይዙታል። ቦታ ከጠበበ ከፒሲቢው ጋር ማሰር ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሞጁሉን በቀጥታ ከማሰር ይልቅ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን በመካከል ያስገቡ፤ ሳህኑ ጉብጠቱን ለራሱ ያስቀረዋል።

ካሊፐር፦

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ስዊቾቹ የሚነቀሉና የሚተኩ ከሆኑ፣ ከፒሲቢው በታች የሚበየዱት ሶኬቶች የሞጁሉን ቦታ ይሻማሉ። የስዊቾቹ ፒኖች ወደ ቁጥሮቹ ረድፍ በኩል በሆኑበት አቀማመጥ የጂ እና የኤች ሶኬቶች ከዘንጉ ይርቃሉ፤ የቢ ሶኬት ግን ወደ ዘንጉ ይጠጋል። ቢን ብቻውን 180 ዲግሪ ቢያዞሩት ሶኬቱ ወደ ስፔስ በኩል ይሄድና ለሞጁሉ ሰፊ ቦታ ይለቃል። ስዊቹ ሲዞር በአሠራሩ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም።

ሌሊት ጸሐፊ፦

የቁልፍ ክዳኖቹን ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። የጂ የታችኛው ቀኝ ጥግ፣ የኤች የታችኛው ግራ ጥግ፣ የቢ የላይኛው ጠርዝ መካከል መቆረጥ አለባቸው። በመጋዝ ከመቁረጥ ይልቅ ክብ ሞረድ ይጠቀሙ፤ ፒቢቲ ፕላስቲክ በመጋዝ ሲቆረጥ ጠርዙ ይቀልጥና ይንጠለጠላል። እየሞረዱ፣ ክዳኑን እየሰኩ፣ ቁልፉን እስከ ታች 4 ሚሊሜትር ድረስ ጭነው እየፈተሹ ይሂዱ። ክዳን ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ ሳይጫን የራቀ የሚመስለው ጠርዝ ሲጫን ዘንጉን የሚነካው በሰፊው በኩል ነው። በተለይ ቢን ከጥጉ እየጫኑ ይሞክሩት፤ ያዘነበለ ክዳን ቀጥ ብሎ ከወረደው ይልቅ ወደ ዘንጉ ይጠጋል። ሲጨርሱ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት።

ከፍታውም ይታሰብበት። የቆቡ አናት ከጂ እና ከኤች ክዳኖች ጋር እኩል ወይም በጣም ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን። ብዙ ከፍ ካለ በሚጽፉበት ጊዜ ጣት እየጠለፈው ጠቋሚው ይቅበዘበዛል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ጣት ከዘንጉ ጋር የክዳኖቹን ጠርዝ ይገፋል።

ማውዝ ይበቃኛል፦

እሺ፣ መሥራቱን ተቀብያለሁ። መጫኛዎቹስ? ዘንጉ ጠቋሚውን ቢያንቀሳቅስ፣ ክሊክ ለማድረግ እጅ ወዴት ይሄዳል?

መበየጃ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዘንግ ያለ መጫኛ ግማሽ ሥራ ነው። ላፕቶፖች ከስፔስ በታች ሦስት መጫኛዎች ያስቀምጣሉ። በ60 በመቶ ኪቦርድ ላይ ለዚያ ቦታ ከሌለ፣ ስፔሱን ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍሎ በአውራ ጣት ሥር ያሉትን ለዚህ መመደብ ይቻላል። ለሞጁሉ የተለየ የመጫኛ ሽቦ መሳብ አያስፈልግም፤ እንደ ማንኛውም ቁልፍ ከማትሪክሱ ውስጥ ቢሆኑ ይበቃል።

ቁልፍ መሠዋት ካልፈለጉ ደግሞ ዘንጉ ሲገፋ ብቻ የሚበራ ሌየር (ለቁልፎቹ ሌላ ሥራ የሚሰጥ ድርብርብ) ያዘጋጁ። በኪውኤምኬ ዘንጉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጠራ ፈንክሽን አለ፤ በእሱ ውስጥ የማውዝ ሌየሩን ያበሩና እንቅስቃሴው ከቆመ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ያጠፉታል። ሌየሩ በርቶ ሳለ ለምሳሌ ኤፍ ግራ ክሊክ፣ ዲ ቀኝ ክሊክ፣ ኤስ መካከለኛው ይሆናሉ። አደጋው፣ በመጻፍ ላይ ሳሉ ዘንጉ በስሕተት ቢነካ ኤፍ ፊደል መሆኑ ቀርቶ ክሊክ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሌየሩ የሚበራው እንቅስቃሴው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ እንዲሆን አድርገው ይጻፉት። እኔ በበኩሌ የተከፈለውን ስፔስ እመርጣለሁ። መካከለኛውን ይዘው ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉ ገጹ እንዲሽከረከር የሚያደርገውንም ማስተካከያ አይርሱት፤ ረጅም ጽሑፍ ለሚያርም ሰው ከጠቋሚው ያላነሰ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሰሌዳ ነዳፊ፦

ስፔሱን ለሦስት እከፍላለሁ። ሞጁሉን ዛሬ በ3.3 ቮልት ሞከርኩት፤ ተነሥቶ ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳል። ነገር ግን ዘንጉን ለጥቂት ሰከንድ በአንድ አቅጣጫ ገፍቼ ስለቅቀው፣ ጠቋሚው ለአፍታ በራሱ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ተበላሽቶ ይሆን?

ነሐስ ዘንግ፦

አልተበላሸም። ሞጁሉ በሙቀትና በጊዜ ብዛት የሚመጣውን መዛባት ለማረም ዜሮውን በየጊዜው ራሱ ያድሳል። ለጥቂት ሰከንድ ያልተለዋወጠ ግፊት ካየ፣ ያንን እንደ ዕረፍት ቦታ ይቆጥረዋል፤ ሲለቁት እውነተኛው ዕረፍት ተቃራኒ ግፊት መስሎ ይታየዋል። እጅዎን ካነሡለት ወዲያው ያርመዋል። ኪቦርዱ ኃይል ሲያገኝም ጣት ዘንጉ ላይ መኖር የለበትም፤ የመጀመሪያው ዜሮ የሚወሰደው ያኔ ነው። ዘንጉ ተሰብስቦ ሲያልቅ ይህ ጠባይ እጅ ሳይነካው በየጊዜው የሚከሰት ከሆነ ግን፣ ማራዘሚያው አንድ ስዊች ወይም የፕሌቱን ቀዳዳ ጠርዝ እየነካ ነው ማለት ስለሆነ፣ ቀጭን ወረቀት በዙሪያው አሳልፈው የሚይዝበትን ቦታ ይፈልጉ።

ሰሌዳ ነዳፊ፦

እንግዲያው ንድፉን ልዘጋው ነው። ፕሌቱ ላይ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ መካከሉ ከረድፎቹ ድንበር 0.5 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ፤ 3 ሚሊሜትር የነሐስ ዘንግ፤ ሞጁሉ በሁለት ስፔሰሮች ከፕሌቱ የተንጠለጠለ፤ ቢ የተገለበጠ። የፒሲቢውን ቀዳዳ ስንት ላድርገው?

ካሊፐር፦

5 ሚሊሜትር ያድርጉት። የዘንጉ ቦታ የሚወሰነው በፕሌቱ ስለሆነ ፒሲቢው ጨርሶ ሊነካው አይገባም። የስፔሰሮቹንም ቀዳዳዎች ከብሎኑ ልክ በ1 ሚሊሜትር ያስፏቸው፤ ካልሆነ ፒሲቢው ሲጎብጥ ሞጁሉን በእነሱ በኩል ይጎትተዋል። በሦስቱም ቀዳዳዎች ዙሪያ መስመርም ሆነ የግራውንድ መዳብ እንዳይገባ የክልከላ ክበብ ያስምሩ። ዘንጉ ብረት ስለሆነና ጣት ስለሚነካው፣ ክሎክና ዳታውንም ከቀዳዳው አጠገብ አያሳልፏቸው።